ገደል ያሳደጋቸው ወይራዎች

ከግሸን አምባ ጠርዝ ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ፍየል የሚደርስበት ሰው ግን ጎንበስ ብሎ ብቻ የሚያየው የገደል ስንጥቅ ውስጥ አንድ ወይራ በቅሏል። ቁመቱ ከጉልበት አይበልጥም፤ ግንዱ ግን የጎልማሳ ጭን ያክላል። ሥሩ ጥቁሩን ድንጋይ ጨብጦ ወደ ስንጥቁ ይገባና ይጠፋል። ነፋስ የሚመታው ወገኑ ቅርፊቱን ከጣለ ቆይቷል፤ እንጨቱ ነጥቶ፣ ተሰነጣጥቆ ይታያል። በሌላው ወገን ሁለት ጣት የማትሞላ ሕያው ቅርፊት ከሥር እስከ ጫፍ ትወጣለች። አናቱ ላይ ያለው ድፍን ቅጠል በሙሉ የሚኖረው በእሷ ነው። ቅጠሉ ደቃቅ ነው፤ ነፋሱ ሲገለብጠው ታቹ ወርቅማ ሆኖ ብልጭ ይላል።

ይህ ዛፍ ቶኪዮ ውስጥ ዝቅ ባለ የሸክላ ሳህን ተተክሎ ቢቀመጥ ሰው ተሰልፎ ያየው ነበር። እዚህ አምባሰል ላይ ግን የሚያየው ፍየልና አልፎ አልፎ የሚያልፍ ዲያቆን ነው። ቦንሳይ፣ ማለትም በሳህን ውስጥ ተተክሎ እንዲያንስ የሚደረግ ዛፍ፣ የሚወድ ሰው ሲያገኘው መጀመሪያ ዝም ይላል፤ ቀጥሎ ዙሪያውን ሊዞረው ይፈልጋል፤ ገደል ነውና አይችልም።

ግሸንን አብዛኛው ሰው የሚያውቃት በመስከረም 21 ነው። በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት ግማደ መስቀሉ ያረፈባት፣ ራሷም መስቀለኛ ቅርጽ ያላት አምባ ናት ተብሎ ስለሚታመን በዚያ ቀን ከአራቱም ማዕዘን ሕዝብ ይጎርፍባታል። ያን ጊዜ ዛፍ የሚያይ ሰው የለም፤ መቆሚያም አይገኝ። ዛፎቿን ማየት የሚሻ በልግ ሲሰምር፣ በሚያዝያ ማለቂያና በግንቦት መባቻ ይምጣ። በደቡብ ወሎ ደጋ ከየካቲት ጀምሮ የሚጥለው የበልግ ዝናብ ገብሱን ብቻ አይደለም የሚያነሣው። ወይራው አዲስ ቅጠል ያወጣል፣ ጽዱ ጫፍ ጫፉን ያለመልማል፣ ከድንጋዩ ሥር ጦስኙ ይሸታል። እዚህ ላይ «ቦንሳይ የሚያቆጠቁጥበት ፀደይ በእኛ አገር መቼ ነው?» ለሚል ጠያቂ፣ ቢያንስ ለወሎ፣ መልሱ በልግ ነው ባይ ነኝ።

ቦንሳይ የድንክ ዛፍ ዘር አለመሆኑን ደጋግሞ መናገር ያስፈልጋል፤ «ዘሩን ከየት አገኘኸው?» የማይል እንግዳ የለምና። ዛፉ ተራ ዛፍ ነው። ሜዳ ላይ ቢተከል እንደ ወንድሞቹ ይመዘዛል። ያሳነሰው ሥሩ በጠባብ ቦታ መያዙ፣ ቅርንጫፉም በየጊዜው መቆረጡ ነው። ጥበቡ የመጣው ከቻይና ነው፤ በ706 እ.ኤ.አ. በተሠራ የአንድ የታንግ ልዑል መቃብር ግድግዳ ላይ ትናንሽ ተክልና ድንጋይ ያለበት ሳህን የተሸከሙ አገልጋዮች ተሥለው ይታያሉ። ጃፓኖች ወርሰው የራሳቸው አደረጉት። በ1923 የቶኪዮን አካባቢ ያወደመው የመሬት መንቀጥቀጥ የከተማዋን አብቃዮች ሲበትናቸው፣ ከመካከላቸው አንዳንዶቹ በ1925 ኦሚያ በሚባል ቦታ የቦንሳይ መንደር መሠረቱ። ከ1934 ጀምሮ ደግሞ ኮኩፉ-ተን የሚባለው ትልቁ የአገሪቱ ትርኢት ቶኪዮ፣ ኡዌኖ ላይ ይታያል።

ወደ ገደሉ ስንመለስ፣ ተፈጥሮ ይህንኑ ሥራ ያለ መቀስና ያለ ሽቦ ስትሠራ እናያለን። ወፍ የወይራ ፍሬ ትበላና ፍሬውን ስንጥቅ ውስጥ ትጥላለች። ፍሬው የሚበቅለው በእፍኝ አፈር ላይ ነው፤ ከዚያ በላይ አፈር አያገኝም፣ ክረምት የጠጣውን ውሃም በጋ ይመልስበታል። ግንዱ በዓመት የሚጨምረው ለዓይን የማይታይ ነው። ከዚያ ፍየል ትመጣለች። ለስላሳውን ጫፍ በበላች ቁጥር ከሥሩ ሁለት ሦስት ቡቃያ ይወጣል፤ እነዚያንም ትመለስና ትበላለች። እንዲህ እያለ አናቱ ይጠቀጠቃል፣ ቅጠሉ ይደቅቃል። አብቃዮች በመቀስ ዓመታት የሚደክሙበትን የቅርንጫፍ ጥቅጥቅታ ፍየሏ ሆዷን እየሞላች ትሠራዋለች። ነፋሱ አንዱን ወገን ያደርቃል፣ ናዳ ግንዱን ይሰብራል፣ የሞተው እንጨት በፀሐይ ይነጣል። ጃፓኖች በስለት ቅርፊት ገፍፈው፣ ኖራና ድኝ ያለበት ፈሳሽ ቀብተው የሚያነጡት የሞተ እንጨት ማለት ይኸው ነው።

ወይራ ለዚህ ሁሉ የተመቸ ዛፍ ነው። ከደቡብ አፍሪካ አንሥቶ በኢትዮጵያና በየመን አድርጎ እስከ ደቡብ ቻይና ይበቅላል፤ የደቡብ አፍሪካ ቦንሳይ አብቃዮችም ከአገራቸው ዛፎች አብልጠው ከሚወዷቸው አንዱ ይኸው የእኛው ወይራ ነው። ምክንያታቸውን ማንኛውም የአምባሰል ገበሬ ያውቀዋል። ቢቆርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ እንጨቱ ጠንካራ ስለሆነ ሞቶም ቶሎ አይበሰብስም። እኛ ጋ ወይራ ለእርጎ ዕቃና ለጠላ ጋን ማጠኛ፣ ለመፋቂያ፣ ለከዘራ ነው፤ እሱም ክብር ነው። ጽዱም ቢሆን ትንሽ ዝና አይደለም ያለው፦ ከጽድ ዝርያዎች ሁሉ ከምድር ወገብ በስተደቡብ በተፈጥሮ የሚበቅለው እሱ ብቻ ነው። በቦንሳይ ዓለም ደግሞ የጽድ ወገን የሆኑ ዛፎች እጅግ ይከበራሉ።

ብዙ ጊዜ ከሚገጥሙኝ ተቃውሞዎች አንዱ «ዛፍን እንዲህ ማሰር ግፍ አይደለም ወይ?» የሚል ነው። ግሸን ላይ ቆሞ ይህን መጠየቅ ደግሞ የራሱ ቅመም አለው። አምባዋ በመካከለኛው ዘመን የነገሥታቱ ወንድ ዘመዶች ዙፋን እንዳይሻሙ የሚጠበቁባት ግዞት ነበረች፤ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ራሳቸው በ1434 እ.ኤ.አ. ከመንገሣቸው በፊት እዚሁ በግዞት ኖረዋል። ግዞቱ ያበቃው የኢማም አሕመድ ጦር በ1540 እ.ኤ.አ. ገደማ አምባዋን ሲይዛት ነው። በ1520ዎቹ አገራችንን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ የልዑላኑን ተራራ ወሬ ወደ አውሮፓ ይዞ ሄደ፤ ወሬው እዚያ እያበበ ሄዶ እንግሊዛዊው ገጣሚ ሚልተን በ1667 «አማራ ተራራ»ን ከገነት ጋር ከሚፎካከሩ ቦታዎች ተርታ አስገባው፣ ሳሙኤል ጆንሰንም በ1759 ራሴላስ የሚባል የሐበሻ ልዑል በተዋበ ሸለቆ ውስጥ የሚጠበቅበትን ታሪክ ጻፈ። ያላዩትን አምባ በሁሉ ዓይነት ዛፍ ሞሉት። እውነተኛው አምባ ያለው ወይራና ጽድ፣ አስታና ቀጋ ነው፤ ለእኔ ይበቃል።

ግፍ ነው ወይስ አይደለም ለሚለው፣ እኔ የዛፉን ዕድሜ አይቼ እፈርዳለሁ። በዋሺንግተን ዲሲ፣ ብዙ ወገኖቻችን ከሚኖሩባቸው ሰፈሮች ሩቅ ባልሆነው ብሔራዊ የዛፍ መናፈሻ ውስጥ አንድ የጃፓን ነጭ ጥድ አለ። መሠልጠን የጀመረው በ1625 ነው። ነሐሴ 6 ቀን 1945 እ.ኤ.አ. ሂሮሺማ ላይ ቦምቡ ሲጣል ከፍንዳታው ሥፍራ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በያማኪ ቤተሰብ ግቢ ውስጥ ነበር፤ የግቢው አጥር ከለለው። በ1976 ጃፓን ለአሜሪካ ካበረከተቻቸው 53 ቦንሳዮች አንዱ ሆኖ ሲሄድ ሰጪው ስለ ቦምቡ አላወራም። አሜሪካኖቹ ታሪኩን የሰሙት በ2001 የያማኪ የልጅ ልጆች ዛፉን ሊያዩ ሲመጡ ነው። ከየትኛውም ትውልድ አንድ ሰው ለአንድ ሳምንት ውሃ ማጠጣት ቢረሳ ይህ ዛፍ ዛሬ የለም። እንዲህ ያለ እሥረኛ ከጠባቂዎቹ በላይ ይኖራል።

ግፉ ሌላ ቦታ ነው ያለው። ኢቶይጋዋ በሚባል የጃፓን አካባቢ ያሉ ገደሎች በአንድ ወቅት የተጠማዘዙ፣ ከፊላቸው የነጣ ድንቅ ጽዶች ነበሯቸው። ሰብሳቢዎች በገመድ እየተንጠለጠሉ ነቀሏቸው፤ ወድቀው የሞቱም አሉ። ዛሬ እነዚያ ዛፎች በሳህን ላይ ሆነው በትርኢት ይታያሉ፣ ገደሉ ግን ተራቁቷል። የእኛ አምባዎች ይህ ዕጣ እንዲደርሳቸው አልመኝም። ቦንሳይ በአገራችን ሊስፋፋ ይችላል፣ ቢስፋፋም ደስ ይለኛል፤ ነገር ግን ዶማ ይዞ ወደ ግሸን ከሚወጣ አብቃይ ቦንሳይ የሚባለውን ሰምቶ የማያውቅ ይሻላል።

ከጠርዙ አጠገብ ያገኘኋቸውን አንድ መነኩሴ፣ «አባ፣ ይቺ ወይራ ስንት ዓመት ይሆናታል?» አልኳቸው።

«እኔ በልጅነቴ ስመጣም ይህችው ናት። ማደግ የሚባል አታውቅም» አሉና ከራስ እስከ እግሬ አዩኝ። «ልጄ፣ ነቅዬ ልውሰድ ብለህ እንዳይሆን። የማርያም ናት።»

ከዚህ የተሻለ የጥበቃ ሕግ አላውቅም። በአገራችን ሰሜን የቀረው የደጋ ደን አብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለው መሆኑን እነ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር ባደረጉት ጥናት አሳይተዋል፤ ከብት እንዳይገባባቸው በዙሪያቸው የድንጋይ አጥር እንዲታጠርም ሠርተዋል። አባ ያሉት የእምነት ነገር ባይኖር እንኳን ስሌቱ አያዋጣም። ከስንጥቅ ውስጥ የሚወጣ ወይራ ሥሩን እዚያው ትቶ ስለሚመጣ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ማገዶ ነው። ያን ዛፍ ማየት፣ በእርሳስ መሣል፣ ቅርንጫፉ በየት በኩል እንደወረደ ልብ ማለት ይበቃል። ሞዴሉን ከገደል፣ ዛፉን ከችግኝ ጣቢያ።

ችግኝ ደግሞ ሞልቷል። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በአረንጓዴ አሻራ ሰበብ በየወረዳው የችግኝ ጣቢያ ተበራክቷል፤ ወይራና ጽድ በጥቁር ፕላስቲክ ተደርድረው ይገኛሉ። ተካዮች የሚፈልጉት ቀጥ ያለውን ነው። ቦንሳይ የሚሻ ሰው የሚፈልገው ግንዱ የተጣመመውን፣ ማንም የማይወስደውን ነውና ሁለቱ ወገኖች አይጣሉም።

አሁን ወደ ግንቦት ልደታ ልምጣ። የዓለም የቦንሳይ ቀን የሚውለው በግንቦት ወር እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በሁለተኛው ቅዳሜ ነው፤ ቀኑ የተሰየመውም የዓለም የቦንሳይ ወዳጅነት ማኅበርን በመመሥረት ለሚታወቁት ለኦሚያው ሳቡሮ ካቶ መታሰቢያ ነው። ወደ እኛ ሲመለስ ከሚያዝያ 30 እስከ ግንቦት 6 ባሉት ቀናት ውስጥ ይወድቃል። ልደታ ግንቦት 1 ነው። ማንም አስቦ ያላደረገው ገጠመኝ ነው፣ ግን ምን ያህል የተስማማ! እመቤታችን የተወለደችው ከቤት ውጭ፣ በሊባኖስ ተራራ ነው ስለሚባል በልደታ ቤት ውስጥ አይበላም። ጎረቤት ይዋጣል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ቡና በደጅ ይፈላል፤ በየገጠሩም ከትልቅ ዛፍ ጥላ ሥር ይሰበሰባል። ዛፉን ቅቤ የሚቀቡም አሉ፤ ካህናቱ ይቆጡበታል። በወሎ ደግሞ ሙስሊሙ ጎረቤት በዚህ ቡና ላይ አይታጣም። ሰው ዛፍ ሥር ተሰብስቦ መብላትና መመራረቅ ከለመደ፣ ዛፉን አሳንሶ ማዕድ ላይ ማምጣት ያን ያህል ሩቅ መንገድ አይደለም።

ሐይቅ ከተማ ውስጥ በአንድ ግቢ ጥቂት ሰዎች በልደታ ቀን፣ እኔም በተገኘሁበት፣ ይህን ሞክረውታል። ንፍሮው በሰፌድ፣ ቡናው በረከቦት፣ ከግድግዳው ሥር ደግሞ አንድ አግዳሚ ወንበርና በላዩ ዛፎች። ማኅበር አይደሉም፤ ደንብም ሊቀመንበርም የላቸውም። ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህር፣ አበባ የሚወዱ እትዬ፣ ከደሴ የመጣ ወጣት ሾፌር፣ ሁለት ተማሪዎች። የመምህሩ ወይራ ከችግኝ ጣቢያ የተነሣ ነው፤ ግንዱን በመዳብ ሽቦ ጠምዝዘውታል። የእትዬ ጭብሃ ከጎረቤት አጥር ላይ ከተቆረጠ ቅርንጫፍ የመጣ ነው፣ በዘይት ቆርቆሮ ውስጥ። ጭብሃ የተቆረጠ ቅርንጫፉ አፈር ሲነካ ሥር የሚያወጣ፣ ለሰነፍ አብቃይ የተፈጠረ ዛፍ ነው። ተማሪዎቹ ያመጡት አጋም ገና ዓመት ያልሞላው ስለነበር ብዙ አልተወራለትም፤ እሾሁ ግን የሁሉንም እጅ ቀምሷል።

ጃፓን ውስጥ ትርኢት ላይ ዛፉ ብቻውን አይቀመጥም። ከጎኑ ትንሽ የሣር ወይም የአበባ ሳህን ይኖራል፣ ዛፉ የሚበቅልበትን አካባቢና ወቅቱን የሚናገር። እትዬ ይህን ሰምተው ከግሸን መንገድ ያመጡትን ጦስኝ በስኒ ተክለው ከጭብሃው አጠገብ አስቀመጡ። ጦስኙ የደጋ ነው፣ ጭብሃው የወይና ደጋ፤ ጃፓኖቹ ቢኖሩ ቅር ይላቸው ነበር። እዚህ ግን ሁሉም አሸተተው፣ አንዱም ሻይ ውስጥ እንጨምረው አለ።

«ፊቱ በየት በኩል ነው?» አለ ሾፌሩ ወይራውን እያዞረ። ቦንሳይ ፊትና ጀርባ አለው፤ ከፊት በኩል የግንዱ ሥር ሰፍቶ መሬት የያዘበት መታየት አለበት፣ አናቱም ወደ ተመልካቹ ትንሽ ያጎነብሳል። መምህሩ አንዱን ወገን አሳዩ። ወጣቱ ሳህኑን ሩብ ያህል አዞረና ተወው። የማይረባ የሚመስለው ቅርንጫፍ በድንገት ዛፉን ወደ ገደል የተንጠለጠለ አስመሰለው። መምህሩ ዝም ብለው ቆዩና «በል እንዲሁ ተወው» አሉ።

ክፉው ነገር የተገኘው ያን ጊዜ ነው። ሽቦው ከበልግ በፊት የታሰረ ነበር፤ በልጉ ዝናብ ግንዱ ሲወፍር ቅርፊቱን ቆርጦ ገብቷል። እንዲህ ሲሆን ሽቦውን እየፈቱ ማውጣት አይገባም፤ ቅርፊቱ አብሮ ይነሣል። በሽቦ መቁረጫ ጣት በማታህል ልዩነት እየቆራረጡ፣ ቁርጥራጩን አንድ በአንድ ማንሣት ነው። ሾፌሩ ከመኪናው ፒንሳ አመጣ፤ የልደታ ቡና ሁለተኛው እስኪቀዳ ሥራው አላለቀም። ጠባሳው ለዓመታት ይታያል። ወይራ ስለሆነ ግን ጠባሳ ያምርበታል፣ በጽድ ላይ ቢሆን እንዲህ ባልተባለ ነበር።

ስለ አፈር የተወራው ደግሞ ከሁሉ የረዘመ ነው። ወይራ ሥሩ ውሃ ላይ ሲቆም ይበሰብሳል፤ የሐምሌና የነሐሴን ዝናብ በሳህን ውስጥ በጥቁር አፈር ተክሎ ማሳለፍ አይቻልም። የውጭ አብቃዮች በተራ አፈር ፋንታ እንክብልና ድንጋይ ነው የሚጠቀሙት፦ ከጃፓን የሚመጣ አካዳማ የሚባል የሸክላ እንክብል፣ ፑሚስ፣ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ። በትንንሽ ከረጢት ታሽጎ በውድ ይሸጣል። ይህን ስነግራቸው ሾፌሩ ሳቀ። ከአዳማ አካባቢ ፑሚስ ለብሎኬት አምራቾች ሲያመላልስ ነው የሚውለው፤ ሬድ አሽ የሚባለውን ቀዩንም ያውቀዋል። ስምጥ ሸለቆአችን የሞላው ነገር ነው። በወንፊት ነፍቶ ዱቄቱን ማስወገድ፣ የሽምብራ ያህሉን ማስቀረት፣ ጥቂት ብስባሽ መቀላቀል፤ ከዚያ ውሃው ከላይ ገብቶ ወዲያው ከታች ይወጣል። በክረምት ይህ ያድናል። ከኅዳር እስከ ጥር ግን ቶሎ ይደርቃልና በየቀኑ ማየት፣ ውርጭ በሚጥልበት ደጋ ደግሞ ሌሊት ከጣሪያ ሥር ማስገባት ግድ ነው።

ሳህኑም ቢሆን ችግር አይደለም። ሸክላ ሠሪ ባለበት አገር ሰፊና ዝቅ ያለ፣ ከሥሩ ሁለት ሦስት ቦታ የተበሳ ሳህን ለማሠራት የሚያስፈልገው ማስረዳት ብቻ ነው። እትዬ ያሠሩት ግን ቀዳዳ አልነበረውም፤ ሸክላ ሠሪዋ «የተበሳ ዕቃ ሠርቼ ስሜን ላጥፋ?» ብላ አሻፈረኝ ስላለች ነው ዛፋቸው አሁንም በዘይት ቆርቆሮ ያለው።

ወደ ማታ መለዋወጡ መጣ። መምህሩ በጋዜጣ የተጠቀለለ የወይራ ፍሬ አወጡ፤ ሥጋው ተገፎ የደረቀ ነው። እንዲሁ ቢዘሩት ለወራት ዝም ይላል፤ ፍሬውን የሚያዘገየው ጠንካራ ቅርፊቱ ነውና። ጫፉን በፒንሳ ቀስ አድርጎ ሰንጠቅ ማድረግ፣ ውስጡን ሳይጎዱ፣ ከዚያ አንድ ቀን ውሃ ውስጥ አሳድሮ መዝራት። ግማሹን ሰንጥቀው፣ ግማሹን ሳይሰነጥቁ አከፋፈሉ፤ የትኛው እንደሚቀድም ይታያል ተባለ። እትዬ ከጭብሃቸው ላይ ቅርንጫፍ ቆርጠው ለፈለገ ሰጡ። ጎረቤታቸው አንዲት ሙስሊም እናት «እኔ ማሳነሱን አልፈልግም፣ አጥር ላይ ልተክለው ይቻላል?» ብለው ጠየቁ። በደንብ ይቻላል፤ ለከብትም ይሆናል።

ሾፌሩ ከመሄዱ በፊት ትእዛዝ ተቀበለ። መምህሩ አንድ ማዳበሪያ ፑሚስ፣ ተማሪዎቹ ግማሽ፣ እትዬ ሩብ፣ ነፍተህ አምጣው ብለው። መንፋቱ የእርስዎ ነው አላቸው።